ክርስቲያን ማን ነው? ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ እስከ ኮምቦልቻ ድንኳን

(የመግቢያ ሙዚቃ፤ ከፍ ብሎ ዝቅ ይላል)

 

ለዛሬ ይዘንላችሁ የቀረብነው አንድ አጭር ጥያቄ ነው። ክርስቲያን የሚባለው ማን ነው? በመንገዳችን የምንጠራቸው ዓመታት በሙሉ በእኛ አቆጣጠር መሆናቸውን ከወዲሁ ልብ በሉልን።

ጥያቄው ኮምቦልቻ ላለ ሰው የሚያከራክር አይመስልም። መልሱ በየሥጋ ቤቱ በር ላይ አለ። መስቀል የተሳለበት የክርስቲያን ነው፣ ጨረቃ የተሳለበት የሙስሊም ነው። ሠርግ ሲደገስም ቢያንስ ሁለት ከብት ይታረዳል። አንዱን ክርስቲያኑ በስመ አብ ብሎ፣ ሌላውን ሙስሊሙ ቢስሚላህ ብሎ ይባርከዋል። ድስቱ ይለያል፣ ጭልፋው ይለያል፣ ድንኳኑ ግን አንድ ነው። የወሎ ሰው በዚህ ተለያይቶ መብላት ሲከፋ አይታይም፤ እንዲያውም የወንድሙ ድግስ ላይ «የእናንተ በዚያ በኩል ነው» ብሎ እንግዳውን በክብር የሚመራው ሌላኛው ወገን ነው።

ክርክሩ የሚመጣው «የክርስቲያን» በተባለው ድስት ዙሪያ የተቀመጡት እርስ በርስ ሲተያዩ ነው። አንዲት ማተብ ያሰሩ እናት በአንድ ወገን ተቀምጠዋል እንበል። ከጎናቸው አንገቱ ላይ ክር የሌለበት፣ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሱን ይዞ ወደ አዳራሽ የሚሄድ ጎረቤታቸው አለ። «እትዬ፣ እሱ ክርስቲያን ነው እንዴ?» ብሎ ልጅ ቢጠይቃቸው፣ «አይ፣ እሱማ ጴንጤ ነው» ይላሉ። ክፋት የለባቸውም፤ በእሳቸው አፍ ክርስቲያን ማለት በአርባ ወይም በሰማንያ ቀኑ የተጠመቀ፣ ረቡዕና ዓርብን የሚጾም፣ ንስሐ አባት ያለው ሰው ነው። ጎረቤትዬውም ቤቱ ገብቶ ለእሳቸው ይጸልያል፤ «እትዬ ጌታን ቢቀበሉልኝ» እያለ። በእሱ ዘንድ ደግሞ ክርስቲያን ማለት በራሱ አንደበት መስክሮ፣ በልቡ አምኖ፣ ካመነ በኋላ በውኃ የተጠመቀ ነው። በሕፃንነት በካህን እጅ መጠመቅ በቂ ነው ብሎ አያምንም። እንግዲህ ሁለቱ ቡና ይጠራራሉ፣ በዕድር አብረው ይቀመጣሉ፣ ልቅሶ አብረው ይደርሳሉ፤ ግን አንዱ ሌላውን ክርስቲያን ብሎ ለመጥራት አንደበቱ ይያዛል።

ይህን ጉዳይ ዛሬ የተፈጠረ አድርጎ የሚያስብ ሰው ካለ፣ ከኮምቦልቻ ዶሮ መዝለያን ወጥቶ፣ ደሴን አልፎ፣ ወደ ሰሜን አሥር ኪሎ ሜትር ያህል ይሂድልን። ቦሩ ሜዳ ይደርሳል። ቦሩ ሜዳ ሲባል ዛሬ ለብዙዎቻችን ቶሎ ትዝ የሚለን ሆስፒታሉ ነው። በግንቦት 1870 ዓ.ም. ግን በዚህ ሜዳ ላይ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ፣ የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ፣ የጎጃሙ ራስ አዳልና ከየአገሩ የተጠሩ ሊቃውንት ተሰብስበው ነበር። የተጠሩበት ጉዳይ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይገለጣል፤ የክርስቶስ ሥጋ የከበረው በምንድን ነው?

(አጭር መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። ዐፄ ሱስንዮስ በኢየሱሳውያን ሚሲዮናውያን ትምህርት ተስበው በ1614 ዓ.ም. ገደማ የካቶሊክን እምነት በይፋ ተቀበሉ። አገር ታመሰ፣ ደም ፈሰሰ። በ1624 ዓ.ም. ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲለደስ ለቀቁ፤ ፋሲለደስም የአባቶችን ሃይማኖት መልሰው ሚሲዮናውያኑን አባረሩ። ሰዎቹ ይውጡ እንጂ የጫሩት ጥያቄ አብሯቸው አልወጣም። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 10 ቁጥር 38 እግዚአብሔር ኢየሱስን በመንፈስ ቅዱስ እንደ ቀባው ይናገራል። እርሱ አምላክ ከሆነ፣ መቀባቱ ምን አስፈለገው? ምንስ ጨመረለት?

ሊቃውንቱ በሦስት ተከፈሉ። አንደኛው ወገን፣ ሥጋ የከበረው ከመለኮት ጋር በመዋሐዱ ነው፤ ተዋሕዶው ራሱ ክብሩ ነው፣ ሌላ የሚጨመር የለም አለ። ልደቱም ሁለት ነው፤ ከዘመናት በፊት ከአብ፣ በኋለኛው ዘመን ከእመቤታችን። ተቃዋሚዎቹ ይህን ወገን ሦስተኛውን ልደት ቆርጦ ጣለ ሲሉ «ካራ» ብለው ጠሩት። ሁለተኛው፣ በጎጃም የጸናው ወገን፣ የለም፣ ሥጋ የከበረው በመንፈስ ቅዱስ ቅብዐት ነው አለ፤ ቅባት የሚባለው እሱ ነው። ሦስተኛው በደብረ ሊባኖስና በሸዋ የገነነው ነው። ይህ ወገን ከሁለቱ ልደታት ሌላ ከመንፈስ ቅዱስ የሆነ ሦስተኛ ልደት አለ፣ በዚያም የጸጋ ልጅ ተባለ ይላል። ጸጋ ወይም ሦስት ልደት ተባለ።

«ታዲያ ይሄ ምኑ ነው ሰው የሚያጋድለው?» የሚል አድማጭ እንዳለ ይሰማኛል። እኔ ግን ነገሩን የቃላት ጨዋታ ነው ብሎ ማለፍ ለሊቃውንቱ ንቀት ይመስለኛል። ተዋሕዶዎቹን እንስማቸው። እኔና እናንተ ስንጠመቅ የእግዚአብሔር የጸጋ ልጆች እንባላለን። ክርስቶስም የጸጋ ልጅ ከተባለ በእሱና በእኛ መካከል ያለው ልዩነት ምንድን ነው? ማንን ነው የምናመልከው? ጸጋዎቹም መልስ ነበራቸው። እሱ የብዙ ወንድሞች በኩር ሆኖ በሥጋው ያልተቀበለልንን ልጅነት እኛ ከማን እንወርሳለን? ሁለቱም ስለ መዳን ነው የሚጨነቁት። ተራ ገበሬ ምሥጢሩን ባይተነትነውም፣ ጉዳዩ የእሱንም ነፍስ እንደሚነካ ይገባዋል።

ይልቅ የሚገርመው አንድ የሚያደርጋቸው ነገር ብዛት ነው። ሦስቱም ወገኖች ያንኑ ጸሎተ ሃይማኖት ይደግማሉ፣ ያንኑ ቅዳሴ ይቀድሳሉ፣ ያንኑ ሃይማኖተ አበው ገልጠው ከዚያው ከጥንቱ ሊቅ ከቅዱስ ቄርሎስ ይጠቅሳሉ። ሦስቱም ክርስቶስ ሁለት ባሕርይ አለው ያለውን የኬልቄዶንን ጉባኤ ያወግዛሉ። ሁዳዴ ሲገባ ሦስቱም ጾመኞች ናቸው። ከሩቅ አገር የመጣ ሰው አንዱን ከሌላው በምንም ሊለየው አይችልም ነበር። በሜዳው ላይ ግን የሰው ክርስትና በአንዲት ሐረግ ተመዘነ።

እውነቱን እንነጋገርና፣ ውጤቱ ከክርክሩ በፊት የታወቀ ይመስላል። ጉባኤው የተደረገው ምኒልክ ልቼ ላይ ለዐፄ ዮሐንስ በገቡ በሁለተኛው ወር ነው። በልቼው ስምምነት ውስጥ ሸዋ የሦስት ልደትን ትምህርት እንዲተው የሚለው ይገኝበታል። ዐፄ ዮሐንስ በ1868 ዓ.ም. ጉንደትና ጉራዕ ላይ ከግብፅ ጦር ጋር ተዋግተው ድል ያደረጉ ንጉሥ ናቸው። አገር በሃይማኖት ከተከፈለ ለጠላት በር ይከፈታል ብለው ማሰባቸው የሚደንቅ አይደለም። አቡነ አትናቴዎስ ስላረፉ ጉባኤውን የሚመራ ጳጳስ በአገሩ አልነበረም። ስለዚህ የመጨረሻው ቃል የመጣው በደብዳቤ ነው፤ ከእስክንድርያው ፓትርያርክ ከቄርሎስ 5ኛ። ከሁለት ዓመት በፊት ጦር ከላከብን አገር፣ ሃይማኖታችሁ ይህ ነው የሚል ደብዳቤ ሲመጣ ሜዳው ጸጥ ብሎ ሰማ። የዚያን ዘመን ሰው መንግሥትንና መንበረ ማርቆስን ለይቶ ያይ እንደነበር ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አላውቅም።

ደብዳቤው ተነበበ፣ ተዋሕዶ ረታ። ብዙዎቹ ተቀበሉ። እምቢ ብለው ከጸኑት ጥቂቶቹ ምላሳቸው እንደ ተቆረጠ ተጽፏል። ምኒልክ በአያቶቻቸው ቤት የተከበሩ የሸዋ ካህናት ሲረቱ ተቀምጠው አዩ። ለቀሩትም ቀነ ገደብ ተቆረጠላቸው፤ ለማይስማማ ክርስቲያን ሁለት ዓመት፣ ለሙስሊም ሦስት ዓመት፣ ከሁለቱም ውጪ ለሆነው አምስት ዓመት እንደ ተሰጠ ይነገራል። አስተውሉልኝ፤ ከሁሉ ያነሰው ጊዜ የተሰጠው ለቅርቡ ሰው ነው።

ቦሩ ሜዳ ከዚያ በኋላ የትምህርት ቦታ ሆኖ ቀጥሏል። በቦሩ ሥላሴ ወንበር ዘርግተው ያስተማሩት መምህር አካለ ወልድ ስማቸው እስከ ዛሬ ይነሣል፤ ደሴ ላይ በስማቸው የተጠራውን ትምህርት ቤት የማያውቅ የለም። ቅባትና ጸጋም በዐዋጅ ብቻ አልጠፉም። የቅባት ስም በምሥራቅ ጎጃም በቅርብ ዓመታት ጭምር ሲያነጋግር ሰምተናል።

(መሸጋገሪያ ሙዚቃ)

አሁን ደግሞ ከቦሩ ሜዳ ወደ ሐይቅ እንለፍ። ከደሴ ሠላሳ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በ13ኛው ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ያቀኑት የሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም እዚያ አለ። በ14ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ፣ በዐፄ ዳዊት ዘመን፣ በዚያ ገዳም አንድ ታላቅ መነኩሴ በግዞት ተቀምጠው ነበር፤ የደብረ ቢዘኑ አባ ፊልጶስ። ጥፋታቸው ምን ነበር ብትሉ፣ የአባታቸውን የአቡነ ኤዎስጣቴዎስን ትምህርት ይዘው ቅዳሜን እንደ እሑድ ማክበራቸው ነው። ከእስክንድርያ የመጡት ጳጳስ አቡነ በርተሎሜዎስና የሐይቁ ዐቃቤ ሰዓት ሠረቀ ብርሃን ይህን ተቃወሙ። የኤዎስጣቴዎስ ደቀ መዛሙርት ክህነት ተነፍጓቸው፣ ከሌላው ማኅበር ተለይተው ኖሩ።

ከዚያስ? ዐፄ ዳዊት ፈቱአቸው። ሃምሳ ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በ15ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ፣ ልጃቸው ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በደብረ ምጥማቅ ጉባኤ ሁለቱም ሰንበታት እንዲከበሩ አደረጉ። ትናንት ለግዞት ያበቃ የነበረው ነገር ሥርዐት ሆነ። በዚያው በዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደግሞ ለሥዕለ ማርያምና ለመስቀል አንሰግድም ያሉት የአባ እስጢፋኖስ ተከታዮች ጽኑ መከራ ተቀበሉ። አንዱ ተገፊ ተመለሰ፣ ሌላው ተገፋ። ከዚህ የምረዳው፣ ቤተ ክርስቲያን የራሷን ትምህርት መወሰኗ የማይቀርና የሚገባት ሥራ ሲሆን፣ ያንን ውሳኔ በግዞትና በስለት ማስከበር ግን ሌላ ሥራ መሆኑን ነው። የመጀመሪያው የሊቃውንት ነው፤ ሁለተኛው የቤተ መንግሥት ነው። ታሪካችን ላይ ሁለቱ ስለ ተደባለቁ፣ ዛሬም «ክርስቲያን አይደለም» የሚል ቃል ስንሰማ ከቃሉ በስተኋላ ዱላ ያለ ይመስለናል።

ወሎዬ ደግሞ ይህን ከማንም ይልቅ ያውቀዋል። በዚያው በቦሩ ሜዳ ጉባኤ ሰሞን የወሎው ኢማም መሐመድ አሊ ተጠምቀው ሚካኤል ተባሉ፤ የክርስትና አባታቸውም ዐፄ ዮሐንስ ሆኑ። ኢማም አባ ዋጠውም ተጠምቀው ኃይለ ማርያም ተባሉ፣ የእሳቸው የክርስትና አባት ምኒልክ ናቸው። ሁሉም ግን እሺ አላለም፤ ሸህ ጦልሃን የመሳሰሉት ሸፍተው ተዋጉ። ከተጠመቀውም ሕዝብ ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆኖ የኖረው ጥቂት አልነበረም። ስሙ ወልደ ማርያም፣ ቤት ውስጥ ግን መሐመድ። እንዲህ ያለውን ሰው በምን መለኪያ ትለኩታላችሁ? ተጠምቋል፤ ማተብም አስሯል። ካህኑ በመዝገቡ ጽፎታል። ልቡ ግን ሌላ ቦታ ነው።

ሚካኤል በክርስትናቸው ጸኑ። ቤተ ክርስቲያን አሠሩ፣ ራስ ተባሉ፣ የምኒልክን ልጅ ወይዘሮ ሸዋረጋን አገቡ፣ በኋላም ንጉሠ ወሎ ተብለው ደሴ ላይ ነገሡ። ልጃቸው ልጅ ኢያሱ የምኒልክ አልጋ ወራሽ ሆኑ። መስከረም 17 ቀን 1909 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት፣ አዲስ አበባ ላይ የተሰበሰቡት መኳንንት ልጅ ኢያሱ ሃይማኖታቸውን ለውጠዋል ብለው ከሥልጣን አወረዷቸው። አቡነ ማቴዎስ ሕዝቡን ከመሐላው ፈቱ። እኚህ ጳጳስ ከቦሩ ሜዳ በኋላ በዐፄ ዮሐንስ ልመና ከእስክንድርያ ከመጡት አራት ጳጳሳት አንዱ ናቸው። ልጅ ኢያሱ በዚያ ሰዓት ሐረር ነበሩ፤ ቀርበው አልተጠየቁም። ክሱን ስታነቡት ስለ ሥላሴ ወይም ስለ ምሥጢረ ሥጋዌ አንድ ቃል የለበትም ማለት ይቻላል። ጥምጣም አደረጉ፣ ከሙስሊሞች ጋር አዘወተሩ፣ መስጊድ ገቡ ነው። ቦሩ ሜዳ ላይ ሰው የተመዘነው በሚናገረው ሐረግ ነበር። እዚህ ላይ ግን የተመዘነው በልብሱና በባልንጀራው ነው። ንጉሥ ሚካኤል ለልጃቸው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ። ልጅ ኢያሱ በእርግጥ ሰልመው ነበር ወይ የሚለውን የታሪክ ጸሐፊዎች ዛሬም ይከራከሩበታል። እኔ ክሱ ከሃይማኖት ይልቅ የሥልጣን ነበር ከሚሉት ጋር ነኝ።

(አጭር ሙዚቃ)

ወደ ዘመናችን እንመለስ። የኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ልጆቿን በሰንበት ትምህርት ቤት የምታስተምራቸው አምስቱ አዕማደ ምሥጢር አሉ፤ ምሥጢረ ሥላሴ፣ ምሥጢረ ሥጋዌ፣ ምሥጢረ ጥምቀት፣ ምሥጢረ ቁርባን፣ ምሥጢረ ትንሣኤ ሙታን። ይህ የቤተ ክርስቲያኒቱ መለኪያ ነው፣ ግልጽ ነው። ወንጌላውያኑም የየራሳቸው የእምነት መግለጫ አላቸው። በነገራችን ላይ «ጴንጤ» ብለን በጅምላ የምንጠራቸው እርስ በርሳቸው አንድ አይደሉም፤ የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን የሉተራን እንደ መሆኗ ሕፃናትን ታጠምቃለች፣ ሌሎቹ አያጠምቁም።

ከሁሉም የሚያስተምረን ግን «ኢየሱስ ብቻ» በሚል ስም የሚታወቁት ወገኖች ጉዳይ ነው። የኢትዮጵያ ሐዋርያዊት ቤተ ክርስቲያን አባላት በኢየሱስ አምላክነት አጥብቀው ያምናሉ፣ በስሙ ያጠምቃሉ፤ ሦስት አካላት የሚለውን ትምህርት ግን አይቀበሉም። ኦርቶዶክሱ ክርስቲያን አይለኝም ብሎ የሚያዝነው ወንጌላዊ፣ ስለ እነዚህ ሲጠየቅ «እነሱማ ክርስቲያን አይደሉም» ሲል ትሰሙታላችሁ። ለዚህ የሚያቀርበው ምክንያት የዛሬ 1,700 ዓመት ገደማ ኒቅያ ላይ ሠለስቱ ምዕት አርዮስን ሲያወግዙ በጉባኤ መደንገግ የጀመረው የሥላሴ ትምህርት ነው። ኦርቶዶክሱም እዚህ ላይ ከጎኑ ይቆማል። ለካ የጋራ ድንበር አላቸው! ይህን ድንበር በጋራ እንደሚጠብቁ ግን ሁለቱም ብዙም አያስተውሉትም።

ዓለም አቀፉም ልምድ ይህንኑ ያሳያል። የኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ከመሥራቾቹ አንዷ የሆነችበት የዓለም አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በ1940 ዓ.ም. ሲቋቋም ለአባልነት የጠየቀው ኢየሱስ ክርስቶስን አምላክና መድኃኒት ብሎ መቀበልን ነበር። ያ አልበቃ ብሎ በ1954 ዓ.ም. ኒው ዴልሂ ላይ ሥላሴና መጽሐፍ ቅዱስ በግልጽ ተጨመሩበት።

መቀራረብም አለ። ዐፄ ኃይለ ሥላሴ በጥር 1957 ዓ.ም. ኬልቄዶንን የማይቀበሉትን የምሥራቅ ኦርቶዶክስ አብያተ ክርስቲያናት መሪዎች አዲስ አበባ ላይ ሰበሰቡ፤ የእስክንድርያው፣ የሶርያው፣ የአርመኑና የሕንዱ አባቶች አንድ ላይ ተቀመጡ። በግንቦት 1965 ዓ.ም. ደግሞ የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛና የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ 6ኛ ስለ ክርስቶስ አምላክነትና ሰውነት አንድ የጋራ መግለጫ ፈረሙ። ከኬልቄዶን እስከዚያ ዕለት 1,500 ዓመት አልፏል። ልዩነቱ በሙሉ አልተዘጋም፤ አብያተ ክርስቲያናቱም አልተዋሐዱም። ነገር ግን አንዱ ሌላውን «ክርስቶስን ክዷል» ከማለት ተመለሰ። ምላስ አልተቆረጠም፣ ቀነ ገደብ አልተሰጠም፤ የተደረገው ተቀምጦ የአንዱን ቃል በሌላው አፍ ማዳመጥ ነው።

አድማጮቻችን፣ እምነታችሁን አላሉ አንላችሁም። ተዋሕዶ የሚያምን ተዋሕዶን ይመስክር፤ ወንጌላዊውም ያመነበትን ይናገር። የሥላሴን ትምህርት ቁም ነገር ነው የሚል ሁሉ ይከራከርለት፤ ቁም ነገር ነውና። የምንለምናችሁ አንድ ነገር ነው። «እገሌ ክርስቲያን አይደለም» የሚል ንግግር ከአፋችሁ ሊወጣ ሲል ወይም ከሌላ ስትሰሙ፣ በየትኛው መለኪያ እንደሆነ ጠይቁ። በእምነት መግለጫው ነው? በጥምቀቱ ነው? በማተቡ ነው? ወይስ በባልንጀራው? መልሱ ማተብና ባልንጀራ ከሆነ፣ ልጅ ኢያሱን አስታውሱ።

ደግሞም በብዙ የወሎ ቤት ሁለት ስም ያላቸው አያቶች አሉ። በ1870ዎቹ ማን እንዳጠመቃቸው፣ ማን የክርስትና አባት እንደሆናቸው፣ ምን ብለው ለልጆቻቸው እንደ ነገሩ የምታውቁ ካላችሁ፣ በጽሑፍም በድምፅም ላኩልን። በሚቀጥለው ዝግጅታችን የደረሰንን መርጠን እናሰማችኋለን። እስከዚያው ቸር ያሰንብተን።

(የመውጫ ሙዚቃ)